ኤምአርአዩ ንጹሕ፣ ሴሎቹ በሕይወት፤ ታዲያ እህትዎን ያሳመማት ምንድን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «የ22 ዓመት እህቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነችብን። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች፤ ቀጥሎ ሰው ይከተለኛል ማለት ጀመረች፤ ከዚያ የሚጥል በሽታ መጣባት፤ ንግግሯም ተዘጋ። ኤምአርአይ ተነስታ ‹ምንም የለም› ተባልን። በመጨረሻ ከጀርባዋ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ተቀባይ የሚያጠቃ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ተገኘ። ታክማ አሁን ቤት ናት፤ ግን ነገር ትረሳለች። ሐኪሟ ‹የነርቭ ሴሎቿ አልሞቱም፤ ሲናፕሶቿ ውስጥ ያለው አቀማመጥ ነው የተዛባው› አለን። አቀማመጥ ብቻውን ሰውን እንዲህ ያደርጋል ወይ? አልዛይመርና ኦቲዝምስ በዚሁ ይገለጻሉ? አቀማመጡን የሚያስተካክል መድኃኒትስ አለ?»

ሐኪሟ ልክ ነው ያለው። እኔ የምሠራው ሲናፕስን በማይክሮስኮፕ በማጥናት ነው፤ ታማሚ አላክምም፤ ስለዚህ ስለ እህትዎ መድኃኒትና መጠን የምለው የለኝም። «አቀማመጥ» የምትለዋን ቃል ግን ላፍታታት እችላለሁ። ብዙዎች እንደ ማጽናኛ ይሰሟታል እንጂ ከጀርባዋ ከባድ ነገር ያለ አይመስላቸውም።

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። አንዱ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መገናኛ ሲናፕስ ይባላል፤ ስሙን በ1897 ያወጣው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። ሁለቱ ሴሎች ግን አይነካኩም። በመካከላቸው 20 ናኖሜትር ገደማ ክፍተት አለ። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነውና፣ እንዲህ ያሉ 50,000 ክፍተቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። የተለመደው ኤምአርአይ ደግሞ አንጎልን የሚያየው አንድ ሚሊሜትር ገደማ በሆኑ ኩቦች ከፋፍሎ ነው። ከአንጎል ቅርፊት አንዷን ኩብ ብንወስድ በውስጧ ያሉት ሲናፕሶች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። «ምንም የለም» የተባላችሁት እጢ የለም፣ ደም አልፈሰሰም፣ ጎልቶ የሚታይ እብጠት የለም ለማለት ነው። የእህትዎ ዓይነት በሽታ ካለባቸው ሰዎች በብዙዎቹ ላይ የመጀመሪያው ኤምአርአይ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ መሣሪያው አልተሳሳተም፣ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው።

አሁን ወደ ክፍተቱ እንግባ። አንደኛውን ሴል ተናጋሪ፣ ሁለተኛውን ሰሚ ልበላቸው። ተናጋሪው ጫፍ ላይ 40 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ክብ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ግሉታሜት የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ሞለኪውሎች በሺዎች ታጭቀዋል። የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ሲገባ በሩ አጠገብ ያለው ከረጢት ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋሕዶ ይዘረገፋል። ግሉታሜቱ ክፍተቱን ተሻግሮ ሰሚው ሴል ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ ተቀባዮቹ ይከፈታሉ። ትምህርት ቤት የተማርነው ሥዕል እስከዚህ ድረስ ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ተቀባዮቹ እንደ ተበተነ ዘር በሰሚው ሴል ፊት ላይ ተበታትነው ይታያሉ። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው።

ስሕተቱ ለረጅም ጊዜ ያልታየበት ምክንያት የብርሃን ጠባይ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 እንዳሳየው፣ ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ማሳየት አይችልም። አንድ የተለመደ ሲናፕስ ጠቅላላ ስፋቱ ከ200 እስከ 500 ናኖሜትር ስለሆነ፣ በዚያ ማይክሮስኮፕ የሚታየው አንዲት የደበዘዘች ነጠብጣብ ናት። በ1950ዎቹ የመጣው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክፍተቱንና ከረጢቶቹን አጥርቶ አሳየን፤ የትኛው ፕሮቲን የት እንደተቀመጠ ለመለየት ግን አድካሚ ነበር። ይህን የ200 ናኖሜትር ግድግዳ ያለፉት ኤሪክ ቤትዚግ፣ ስቴፈን ሄልና ዊልያም ሞርነር በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት።

ከመንገዶቹ አንዱን ላሳይዎ፤ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ እወደዋለሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጠናል እንበል። ሲናፕሱ ውስጥ ያለው የምንፈልገው ፕሮቲን ሁሉ በሚያበራ ቀለም ተለጥፏል፤ ነገር ግን ሁሉም ባንድ ላይ እንዲያበራ አንፈቅድለትም። በእያንዳንዱ ቅጽበት ጥቂቶቹ ብቻ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። የእያንዳንዷ ብልጭታ ምስል ደብዛዛ ክብ ነው፤ የክቡን መሐል ግን ኮምፒውተሩ በ20 ናኖሜትር ገደማ ጥራት ያሰላዋል። ይህ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ፎቶዎች ይደጋገማል። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ነጠብጣብ ይታያል። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ነጥብ በነጥብ ላይ እየተደረበ፣ ያቺ ደብዛዛ ነጠብጣብ በውስጧ ሁለት ሦስት ጥቅጥቅ ያሉ ደሴቶች እንዳሏት ይገለጣል።

ሐቁን ለመናገር እነዚህ ደሴቶች ማታለልም ይችሉበታል። በጀማሪነቴ አንድ ሌሊት የሚያምር ክምችት አገኘሁ ብዬ ጮቤ ረግጫለሁ። ጠዋት አስተማሪዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ስንት ሞለኪውል ነው፣ ወይስ አንዱ ሞለኪውል ስንት ጊዜ በራ?» ቆጥሬ ሳየው «ክምችቴ» አንድ ደጋግሞ የሚበራ ቀለም ነበር። ዛሬ በዚህ ዘርፍ አዲስ ሥዕል ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ማጣሪያ ነው፤ ከሌለ ሥዕሉን አልፈዋለሁ።

ማጣሪያውን ያለፉት ግኝቶች ግን ጠንካራ ናቸው። በ2013 የተለያዩ ላቦራቶሪዎች፣ በተለይ በፈረንሳይ ቦርዶና በአሜሪካ ሜሪላንድ ያሉት፣ ተቀባዮቹና የሚደግፏቸው ፕሮቲኖች በሰሚው ሴል ላይ 80 ናኖሜትር ገደማ በሆኑ ደሴቶች ተሰብስበው እንደሚገኙ አሳዩ። በ2016 ደግሞ የሜሪላንዱ የቶማስ ብላንፒድ ቡድን የበለጠ የሚያስገርም ነገር ጨመረበት። ተናጋሪው ላይ ከረጢት የሚዘረገፍበትን ቦታ የሚያዘጋጁ ፕሮቲኖችም በደሴት ይሰበሰባሉ፤ እነዚያ ደሴቶች ክፍተቱን ተሻግረው ከሰሚው ደሴቶች ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። አፍና ጆሮ ትይዩ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሠሪዎቹ ይህን ውቅር የናኖ ዓምድ አሉት።

ለምን ይህን ያህል ተጠጋጉ? ነገሩ እንደ ሹክሹክታ ነው። አፍ ጆሮ ሥር ሲሆን ይሰማል፤ ሁለት ክንድ ሲርቅ አይሰማም። የሰሚው ጆሮ አልደነቆረም፣ የተናጋሪውም ድምፅ አልደከመም። ከረጢት በተዘረገፈበት ነጥብ የግሉታሜቱ መጠን ለቅጽበት እጅግ ከፍ ይልና በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል። አምፓ የሚባሉት ፈጣን ተቀባዮች ደግሞ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ ብዙ ግሉታሜት ካላገኙ አይከፈቱም። አንድ አምፓ ተቀባይ ከመዘርገፊያው ነጥብ 100 ናኖሜትር ያህል ዞር ብሎ ከተቀመጠ የመከፈት ዕድሉ በእጅጉ ይወርዳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ሲናፕስ ውስጥ ቃል በቃል ይሠራል፦ የተቀባዮቹ ቁጥር ሳይቀንስ ቦታቸው ብቻ ቢናጋ ምልክቱ ይደክማል።

እዚህ ላይ ለእህትዎ ጉዳይ የሚያስፈልግ ልዩነት አለ። እሷ ላይ የተነካው ኤንኤምዲኤ ተቀባይ እንደ አምፓ ጆሮ ከባድ አይደለም፤ ትንሽ ግሉታሜት ይበቃዋል፤ ስለዚህ በደሴቱ ውስጥ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ያን ያህል አይጎዳም። የእሱ ጠባይ ሌላ ነው። ቀዳዳው በማግኒዥየም ተወትፏል፤ ውታፉ የሚነሳው ሰሚው ሴል በአምፓ በኩል ሲነቃቃ ነው። ግሉታሜት መድረሱና ሴሉ መንቃቱ ሲገጣጠሙ ብቻ ስለሚከፈት፣ አንጎል «ይህና ያ አብረው ሆኑ» ብሎ የሚመዘግብበት ዋነኛ መሣሪያ ሆኗል። መማርና ማስታወስ በእጅጉ እሱ ላይ የቆሙት ለዚህ ነው። ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ይህንኑ ተቀባይ ይዘጋል፤ በዚህም የተነሳ ሰው ለጊዜው ቅዠት ውስጥ ሊገባ፣ ከራሱ ሊለይ ይችላል። እህትዎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሳየችውን ጠባይ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ታዲያ ተቀባዮቹን በቦታቸው የሚያቆማቸው ምንድን ነው? ከሰሚው ሴል ሽፋን ሥር ጥቅጥቅ ያለ የፕሮቲን ጉባኤ አለ፤ ዋናው ማገር ፒኤስዲ-95 ይባላል፤ በአንድ ሲናፕስ ውስጥ 300 ያህል ቅጂ ይገኛል። ተቀባዮቹ በረዳቶቻቸው በኩል ማገሩ ላይ ይታሰራሉ። በክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ከተናጋሪው የሚወጣው ኒውሬክሲንና ከሰሚው የሚወጣው ኒውሮሊጂን እጅ ለእጅ ተያይዘው ድልድይ ይሠራሉ። ስለ ማገሩ አንድ የሚደንቅ ነገር በ2016 ታወቀ፦ ፒኤስዲ-95ና ሲንጋፕ የተባለው ፕሮቲን ተጣርተው አንድ ብልቃጥ ውስጥ ቢደባለቁ፣ ዘይት ውኃ ውስጥ እንደሚያደርገው ራሳቸው ተሰብስበው ጠብታ ይሆናሉ። ሲናፕሱ የሚቆመው እንደ ግንብ ሳይሆን እንደ ወፍራም ጠብታ ነው ማለት ይቻላል።

ጠብታ ስለሆነም ውስጡ ይንቀሳቀሳል። አንድ ተቀባይ ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ ተቸክሎ አይኖርም፤ በሴሉ ሽፋን ላይ ይንሸራሸራል፤ ደሴት ሲያገኝ ለጥቂት ጊዜ ይታሰራል፤ እንደገና ይለቀቃል። ይህ እንቅስቃሴ ራሱ ለትምህርት ያስፈልጋል። በ2017 የወጣ የቦርዶ ቡድን ሥራ አምፓ ተቀባዮችን በአንቲቦዲ እርስ በርስ አስሮ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያደርግ፣ ሲናፕሱ ከተደጋጋሚ ምልክት በኋላ የመጠንከር ችሎታው ተዳከመ፤ አይጦቹም አንድን የሚያስፈራ ቦታ ማስታወስ ተቸገሩ። አንድም ተቀባይ አልጠፋም፤ መራመድ ነው የተከለከሉት።

«በአንቲቦዲ ማሰር» የሚለውን ይያዙልኝ፤ የእህትዎ ታሪክ እሱ ነውና። በሽታው በ2007 በሆሴፕ ዳልማው ቡድን ነው በዚህ መልክ የተገለጸው። አንቲቦዲ እንደ መንሽ ሁለት ጣት አለው። በአንዱ ጣት አንድ ኤንኤምዲኤ ተቀባይ፣ በሌላው ሁለተኛ ተቀባይ ይይዝና ያቆራኛቸዋል። ይህ መቆራኘት ወሳኝ መሆኑ በላቦራቶሪ ተፈትኗል፦ አንቲቦዲው ተቆርጦ አንድ ጣት ብቻ ሲቀርለት ተቀባዩን መያዙን ይይዛል፣ ጉዳቱን ግን አያደርስም። ሁለት ጣት ሲኖረው ተቀባዮቹ ኤፍቢ2 ከሚባለው ካስማቸው ይነቀላሉ፤ ከሲናፕሱ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ፤ በመጨረሻ ሴሉ ወደ ውስጥ ይውጣቸዋል። በዚያው ሲናፕስ ላይ አምፓ ተቀባዮች እንዳሉ ናቸው፤ የሲናፕሶቹ ቁጥር አልቀነሰም፤ ሴሉም አልሞተም። ሐኪሟ ያለው ይኸው ነው። እኔ የምጨምረው «አቀማመጡ ተዛባ» የሚለው የመጀመሪያው ምዕራፍ መሆኑን ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተቀባዩ ከገጽ ላይ ጭራሹን ይጠፋል።

መልካሙ ዜና ከዚሁ ሙከራ ነው የሚወጣው። ሳህን ላይ በሚያድጉ ሴሎች አንቲቦዲው ሲወገድ ተቀባዮቹ በቀናት ውስጥ ይመለሳሉ። ሰው ላይ በቀናት አይሆንም። አንቲቦዲውን የሚያመርቱት የመከላከያ ሴሎች አንጎል አካባቢ ጭምር ይሰፍራሉ፤ ሕክምናው እነሱ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ላይ ለሳምንታት በትክክል ያልተነጋገሩ የሴል መረቦች ተቀባዩ ስለተመለሰ ብቻ በማግስቱ እንደ ድሯቸው አይሆኑም።

ይህ በሽታ ብቸኛው አይደለም። የናኖ አቀማመጥ ሲዛባ ምን እንደሚሆን ከሁሉ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው፣ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ላምበርት-ኢተን የሚባለው የጡንቻ ድካም ነው፤ ከአንጎል ውጭ፣ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በጤነኛ ሰው የካልሲየም በሮቹ ተናጋሪው ጫፍ ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በቀጥታ ረድፍ ተሰልፈዋል። በታማሚዎቹ ላይ አንቲቦዲ በሮቹን ሁለት ሁለቱን እያሰረ ሰልፉን ያፈርሰዋል። በ1980ዎቹ የተነሱ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎች ላይ ረድፎቹ ተበታትነው፣ የቀሩት ተጎናጉነው ይታያሉ። ያው መንሽ፣ ሌላ ሰልፍ።

ኤልጂአይ1 የሚባለውም ይገርማል። ከሴል ወጥቶ ክፍተቱ ውስጥ የሚሠራ፣ ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ፕሮቲን ነው። ዘረመሉ ተበላሽቶ የተወለደ ሰው በዘር የሚተላለፍ የሚጥል በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ ይህ በ2002 ታወቀ። በጤና ኖሮ በጎልማሳነቱ ወይም በእርጅናው በዚሁ ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ የሚነሳበት ሰውም ይጥለዋል፣ ይረሳል። ሁለት ፍጹም የተለያዩ መንገዶች አንድ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ።

ሁሉም የሲናፕስ በሽታ ግን የአቀማመጥ በሽታ አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ከረጢቱ እንዲዘረገፍ የሚያደርገውን ፕሮቲን ቆርጦ ይጥላል፤ እዚያ ቦታ የሳተ ነገር የለም፣ የተቆረጠ ነው።

ስለ አልዛይመር ጠይቀዋል። የታማሚው የማሰብ ችሎታ መውረድ አንጎሉ ውስጥ ከሚከመረው አሚሎይድ ከሚባል ፕሮቲን ይልቅ ከሲናፕሶቹ መጥፋት ጋር ይበልጥ እንደሚሄድ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። አሚሎይድ ትናንሽ ስብስብ ሆኖ ገና ሳይከመር ሲናፕስ ላይ እየተጣበቀ የተቀባዮችን እንቅስቃሴ እንደሚያውክ በሴሎች ላይ ታይቷል። ስለዚህ የአቀማመጥ መዛባት በታሪኩ ውስጥ ቦታ አለው፤ ምናልባትም መጀመሪያው አካባቢ። ነገር ግን አልዛይመር እዚያ አያቆምም፤ ሲናፕሱም ይጠፋል፣ ሴሉም ይሞታል። ከእህትዎ በሽታ ጋር በአንድ ዓይን አይዩት።

ኦቲዝም ላይ የበለጠ እቆጠባለሁ። በአንዳንድ ልጆች ላይ ሻንክ3፣ ሲንጋፕ፣ ኒውሮሊጂን ወይም ኒውሬክሲን የሚሠሩት ዘረመሎች ተበላሽተው ይገኛሉ፤ ሁሉም ቅድም የጠራኋቸው የማገሩና የድልድዩ ቤተሰቦች ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም። ሆኖም እነዚህ ነጠላ ዘረመሎች የሚያብራሩት ጥቂቱን ልጅ ነው፤ በሕይወት ባለ ልጅ አንጎል ውስጥ ገብቶ ደሴቶቹ ተናግተዋል አልተናጉም ብሎ ማየት የሚችል መሣሪያም የለም። የምናየው ከአይጥና ሳህን ላይ ካደጉ ሴሎች ነው። «ኦቲዝም የሲናፕስ አቀማመጥ ነው» የሚልዎት ሰው ካወቀው በላይ እየተናገረ ነው።

መድኃኒቱ ጋ ደረስን። ደሴቶቹን መልሶ የሚያሰልፍ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። «ሲናፕስ ያድሳል» እየተባለ የሚሸጥ እንክብል ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። የእህትዎ ሕክምና የሠራው አሰላላፊ ስለሆነ ሳይሆን የሚያፈርሰውን ስላስወገደ ነው፦ ስቴሮይድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን ወይም ፕላዝማ ማጣራት፣ ካልበቃም አንቲቦዲ አምራቾቹን የሚቀንሱ እንደ ሪቱክሲማብ ያሉ። አፍራሹ ሲሄድ ሲናፕሱ ራሱ ቤቱን ያሰናዳል። ለሚጥለው ነገር ሌቬቲራሴታም ታዞላት ከሆነ፣ እሱ የሚጣበቀው የተናጋሪው ከረጢት ላይ ካለ ኤስቪ2ኤ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ነው። ይኸው ፕሮቲን ሌላ አገልግሎትም አግኝቷል፦ ከ2016 ወዲህ ተመራማሪዎች እሱን በፔት ስካን እያበሩ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ሲናፕስ የበዛበትንና የሳሳበትን አካባቢ ያያሉ። ብዛቱን ነው የሚያዩት፤ አቀማመጡን ገና አይደለም።

መርሳቷ ያስጨነቃችሁ ይመስለኛል። በ2013 በታተመና 577 ታማሚዎችን ባካተተ ጥናት፣ እስከ 24 ወር ክትትል ከተደረገላቸው 81 በመቶ ያህሉ ወደ ጥሩ ሁኔታ ተመልሰዋል፤ ለውጡም በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላም ቀጥሏል። ትውስታና ነገርን አቅዶ መፈጸም ዘግይተው ከሚመለሱት መካከል ናቸው። በዚያው ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው 12 በመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በወጣት ሴቶች ላይ ይህን አንቲቦዲ የሚያስነሳው አንዳንድ ጊዜ እንቁላል ማምረቻው ላይ የሚበቅል ቴራቶማ የሚባል እጢ ነው፤ ተፈልጎ እንደሆነና መቼ እንደሚደገም እወቁ። ሁለተኛ፣ የማስታወስ ችሎታዋ በባለሙያ ተለክቶ ቁጥሩ ይመዝገብላት፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲለካ የምታወዳድሩበት ይኖራችኋል። እስከዚያው እንቅልፏ ድንገት ከተዛባ ወይም ጠባይዋ እንደ መጀመሪያው መለዋወጥ ከጀመረ ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ይዛችኋት ሂዱ።